ብርነሽ ደነገጠች አሉ

መተማ፣ ኮኪት ላይ ወሬ መኪና አይጠብቅም። ብርነሽ ማክሰኞ ጠዋት ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆማ ለአገኘሽ የተናገረችው ይህችን ብቻ ነበር፤ «እኔ እንጃ አገኘሽ፣ ሰሞኑን ልቤ ይደነግጥብኛል።» የወፍጮዋ ባለቤት አገኘሽ በሞተሩ ጩኸት መሀል ግማሹን ሰማች፣ ግማሹን ከራሷ ጨመረችበት። ብርነሽ የነገረቻት ሕመሟን ነው። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ድንገት ይነሣል፤ ይዘላል፣ ያቋርጣል፣ ደግሞ ይሮጣል፣ መላ የለውም። ታዲያ ይኸ በአማርኛ ምን ይባላል? ልብ ደነገጠ ነው የሚባለው። እናቷም እንደዚያ ሲሉ ነው የኖሩት፤ ሌላ ቃል ከየት ታምጣ?

አይ የወሬ ነገር! አገኘሽ ለጎረቤቷ «ብርነሽ ደነገጠች» አለች። ጎረቤቷ «ምን ሰምታ?» አለች። ሻይ ቤት ሲደርስ «ብርነሽማ አንድ ነገር ሳታውቅ አትደነግጥም» ተባለ። መናኸሪያ ሲደርስ ተኩስ ሊመጣ ነው፣ ብርነሽ ጓዟን ሸክፋለች ሆነ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሰሊጥ እርሻዋ አሥራ አራት ሠራተኞች ማጭዳቸውን ጥለው፣ የሚተኙበትን ላስቲክ ጠቅልለው ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ መንገድ ጀመሩ። ብርነሽ ከኋላቸው ብትጣራ ማን ዞር ብሎ ይያት!

ሰው የተሸበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ብርነሽ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሄክታሩን ብቻዋን ታሳርሳለች። ከሁለት ዓመት በፊት ፊታቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሦስት ሰዎች ትራክተሯን ሊወስዱ መጥተው ነበር። ነጂው ማሽላ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። እሷ ቁልፉን ነቅላ በቀሚሷ አንገት ወደ ውስጥ ለቀቀችውና «በሉ፣ እናት የሌለው እጁን ይስደድ!» አለቻቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንደኛው ሣቀ፤ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ መንገድ በሚዘጋበት፣ ተኩስ በሚሰማበት በዚህ ዘመን፣ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ሁሉ «ብርነሽ ዘንድ ከሠራሁ እንቅልፌን እተኛለሁ» እያለ ከማንም ቀድሞ የሚሰለፈው እሷ ዘንድ ነው። እሷ ከደነገጠች ግን እሱ ምን ቀረው?

ሰሊጥ ደግሞ ቀን የሚሰጥ አዝመራ አይደለም። ቅጠሉ ቢጫ ባለ በሳምንቱ ካልታጨደ ፍሬው ባለበት ይሰነጠቅና እህሉ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከዚያ በኋላ የጉንዳን ሲሳይ ነው። ስድሳ ሰው ይዛ በስምንት ቀን ልትጨርስ ያሰበችውን አሁን በአርባ ስድስት ሰው ልትገፋው ነው። እነዚህ አርባ ስድስቱም ጆሯቸውን አቁመው ነው የሚያጭዱት።

ያን ዕለት ብርነሽ በገዛ ምላሷ ላይ ፈረደች። «ሁለተኛ ያች ቃል ከአፌ ብትወጣ እኔ ብርነሽ አይደለሁም» አለች። ማለፊያ ውሳኔ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምታ አድጋ፣ ሄዳ ሄዳ ደባቂ ሆነች።

የልቧ ነገር የጀመረ በክረምቱ ነው። የእጇ ግን ቆይቷል፤ ስምንት ዓመት አልፎታል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አይታጠፉም። ጸሐይ ከፍ እስክትል የጆግ እጀታ መያዝ እንኳ ጭንቅ ነው። አንጓዎቿ በሁለቱም እጆቿ እኩል አብጠዋል፤ ቁርጥማት ነው ተባለ፣ ቁርጥማት ነው ብላ ተቀበለች። ድንበሩን ተሻግሮ ከሱዳኗ ገላባት የሚመጣ ነጭ ኪኒን ነበር። ሻጩ «ታማም ነው፣ በሁለት ቀን ታማም» ብሎ ሰጣት፣ ደህና ትሆኛለሽ ማለቱ ነው፤ እውነትም ሲውጡት እጅ ይፈታል። ስሙን አልጠየቀችም። ሲያልቅ ታስመጣለች፣ ሲብስ ሁለት ትውጣለች።

ረቡዕ ጠዋት ደረቷ እንደገና ተነሣ። ሠራተኞቹ ነዶውን እያቆሙ ሂላ የሚሉትን የሰሊጥ ክምር ሲሠሩ፣ እሷ ከክምሩ ኋላ ሄዳ ቁጭ አለች፤ የላላ ማሰሪያ የምታጠብቅ መስላ። ላብ በጀርባዋ ወረደ። ልቧ ይመታል መባሉ ቀርቶ ይንደፋደፋል። ትንፋሿ አጠረ። ካቦው ውባንተ፣ የሠራተኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ ከወሎ ወርዶ ከእርሷ ጋር አምስት አዝመራ ያሳለፈ ጭምት ሰው፣ መጥቶ ከላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም።»

«ወባ ነው» አለች።

«እንግዲያ ይታዩ እንጂ።»

«እታያለሁ። ወባ ምን ያሳፍራል!»

እውነቷን ነው፤ እዚህ አገር ወባ አያሳፍርም። ራስ ቢያምም ወባ፣ ወገብ ቢቆረጥም ወባ፣ አማት ብትቆጣም ወባ ነው። ስለዚህ ብርነሽ በዚያችው ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ሄዳ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ነርሷ ሰርክአዲስ ፊት ተቀመጠችና «ደሜን እዪልኝ፣ ወባዬ ተነሥቷል» አለቻት።

ሰርክአዲስ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ድምፅዋም ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ከያዘች ግን አትለቅም። ጣቷን ወጋች፣ አየች።

«ወባ የለብዎትም እትዬ ብርነሽ።»

«እንዴት አባቱ የለብኝም? መተማ ተቀምጬ?»

«የለብዎትም። እስቲ እጅዎን ይስጡኝ።»

ወረፋው ረጅም ነው፤ እንዲህ ባለ ቀን የልብ ምት አሥራ አምስት ሰከንድ ተቆጥሮ በአራት ይባዛል፣ ያልቃል። ሰርክአዲስም እንደ ልማዷ ቆጠረች፤ ሃያ ስምንት አገኘች። ልትጽፍ ብላ ተወችው፤ ጣቷ ሥር የሆነ ነገር ደስ አላላትም። ደግማ ቆጠረች፤ ሃያ አንድ። ሦስተኛ ቆጠረች፤ ሠላሳ ሦስት። ሰዓቷን ነቅንቃ አየችው፤ ሰዓቱ ደህና ነው። በሩ ላይ የተጨናነቀው ሰው እያጉረመረመ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ከዚያ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ ሌላ ደቂቃ ቆጠረች። ልቡ የመታው ሁሉ እጅ ድረስ እየመጣ አይደለም። ደግሞ አንዱ ምት ከሌላው ጋር አይስማማም፤ ይህን ያህል ቆይቶ ይመጣል ብለው የሚጠብቁት ዓይነት አይደለም።

«እትዬ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ «ልብዎ ይደነግጣል?»

ብርነሽ ከወንበሩ ዘላ ተነሣች። «ማን ነገረሽ? አገኘሽ ናት አይደል? ስሚ አንች ልጅ፣ እኔ አልደነግጥም! ለማንም አልደነግጥም! እንኳን ለወሬ ለጥይትም አልደነገጥሁ!»

ውጭ ያለው ወረፋ አንገቱን ወደ በሩ አሰገገ።

«እርስዎ ደነገጡ አላልሁም» አለች ሰርክአዲስ። «የጠየቅሁት ልብዎን ነው።»

«ልቤና እኔ ሁለት ነን?»

«በዚህ ነገር ሁለት ናችሁ። ይቀመጡ።»

እንዲህ ያለ ነገር ለብርነሽ የነገራት ሰው የለም። ተቀመጠች። ሰርክአዲስ በሩን ዘጋችና የሁለቱን እጆች ጣቶች እያገላበጠች አየች። ጠዋት ስንት ሰዓት ድረስ እንደሚታሠሩ፣ ስንት ዓመት እንደሆነው፣ ምን እንደምትውጥ ጠየቀቻት። ብርነሽ ከመቀነቷ በላስቲክ የተቋጠረ ኪኒን አወጣች።

«ስሙ ማን ነው?»

«ነጩ።»

ሰርክአዲስ ሣቅ አመለጣት፤ ቶሎ ዋጠችው። «ነጩን በድንገት እንዳያቆሙት፣ እሱም ጣጣ አለው። ይዘውት ይሂዱና ሐኪም ይየው። አሁን ይስሙኝ። ሰውነታችን እንደ ሚሊሻ ያለ ጠባቂ አለው፤ ጀርም ሲገባ የሚተኩስ። አንዳንድ ሰው ላይ ይኸ ጠባቂ ይሳሳትና የቤቱን ባለቤት ሌባ ነው ብሎ ይተኩስበታል። የእርስዎ ይኸ ይመስለኛል። ስምንት ዓመት ሙሉ የገዛ መገጣጠሚያዎን ሲያቆስል ኖሯል። እኛ እጅ ነው፣ ጉልበት ነው እንላለን፤ ቁጣው ግን በደም ይዞራል፣ ልብም ይደርሳል። እንዲህ ያለ ቁርጥማት ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ልቡ ሥርዓቱን ሊስት ይችላል።»

«ቢስትስ? ዞሮ ዞሮ ይመታል አይደል?»

«ይመታል። ግን ዘባርቆ ሲመታ ደሙ አንድ ጥግ ላይ ይቆማል፤ የቆመ ደም ይረጋል። የረጋው ተነሥቶ ጭንቅላት ከገባ ግማሽ ጎንዎን ይወስዳል። ምላስዎንም ይወስዳል። ጎንደር የልብዎን ምት በማሽን አንሥተው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት ይጀምሩልዎታል፤ የእጅዎንም ትክክለኛውን ይሰጡዎታል። የሚድን ነገር ይዘው አይሙቱብኝ። ዛሬ ይሂዱ።»

ብርነሽ ሰማች። ሞኝ አይደለችም፤ የተነገራት ገብቷታል። ግን ዓይኗ ላይ የመጣው ቢጫ ያለው ሰሊጥ ነው። ደግሞስ ምን ብላ ትሂድ? ልቤ ታመመ ብትል ደነገጠች ነው፣ ዝም ብላ ብትሄድ ሸሸች ነው። በየትም በኩል ቢዞር ያው ነው፤ አርባ ስድስቱ ሰው እግሩን ነቅሎ ይሄዳል፣ የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይቀራል።

«ስምንት ቀን ስጭኝ» አለች።

«እኔ የምሰጥዎት ቀን የለኝም» አለች ሰርክአዲስ። ምቱን ጋብ የሚያደርግ ኪኒን ሰጠቻት፣ የሪፈር ወረቀቱን ጻፈች፣ የስልክ ቁጥሯን ተቀበለች። ብርነሽ አመስግና፣ ወረቀቱን አጥፋ፣ ወደ እርሻዋ ሄደች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱስ እሺ፣ ብርነሽ ግን ሞኝ አልነበረችም፤ እልኸኛ ናት እንጂ።

ሰርክአዲስ ሐሙስ ጠዋት ደወለች። «ሄዱ?» «አልሄድሁም።» ሐሙስ ማታ ደወለች። «ሄዱ?» «አንች ልጅ፣ ሌላ በሽተኛ የለሽም?» ዓርብ ጠዋት ስትደውል ብርነሽ ስልኩን ዘጋችው።

ዓርብ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ጸሐይዋ አናት ትበሳለች። በወንዙ በኩል ያለው ማሳ ከሌላው ቀድሞ ደርቆ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ብርነሽ ይህን አይታ ሠራተኛው ሁሉ ወደዚያ ይዙር ልትል ውባንተን ጠራችው። በቀኝ እጇ የውኃ ጣሳ ይዛለች። አፏን ከፈተች። «ወደ ወንዙ» ልትል ነው ያሰበች። የወጣው ግን ቃል አይደለም። ደግማ ሞከረች፤ ምላሷ አፏ ውስጥ እንደ እንግዳ ነገር ተጋደመ። ጣሳው ወደቀ። እጇን አየችው፤ እጇ የሷ ነው፣ አልታዘዝም አለ።

ውባንተ ብልህ ሰው ነው፣ አልጮኸም። ክንዷን ይዞ ወደ ሂላው ጥላ አስቀመጣትና ሠራተኞቹ እንዳያዩዋት ሰፊ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። «አለሁ እትዬ፣ አለሁ» ይላል። ብርነሽ መልስ ልትሰጠው ፈለገች፤ ከንፈሯ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ቀረ።

ያን ጊዜ ብርነሽ ፈራች። ምንም አያሻም መሸፋፈን፣ ፈራች። ሞትን አይደለም፤ ከሞት ጋር በዚህ ቆላ ብዙ ተላምዳለች። የፈራችው ነፍሷ ሳይወጣ ዝም ማለትን ነው። ሰው እየተመላለሰ እያጎረሳት፣ ዓይኗ እያየ፣ ጆሮዋ እየሰማ፣ አንድ ቃል ሳትመልስ ዓመት ከዓመት መጋደምን። «አምላኬ፣ ምላሴን መልስልኝና ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ» አለች በሆዷ።

ሰው አሥር ነዶ አሥሮ የሚያቆምበት ጊዜ ያህል ቆየ። ከዚያ ጣቶቿ መለስ አሉ። ከንፈሯ ተሰበሰበ። «ው…ባንተ» አለች፤ ቀጥላም «ውባንተ» አለች በደንብ። ሰውየው ፊቱን አዙሮ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

በዚህ መሀል የሞተር ብስክሌት ድምፅ መጣ። ሰርክአዲስ ናት፤ ስልኩ ቢዘጋባት ሰው ለምና መምጣቷ ነው። ውባንተ የሆነውን ሲነግራት ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ የብርነሽን እጅ ያዘች፣ ፊቷን አየች፣ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ አስነሣቻት።

«ተመልሷል» አለች። «ይኸ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ላይመለስ ይችላል። ከእንግዲህ የምለምንዎት ነገር የለም እትዬ፤ ወይ ይነሣሉ፣ ወይ እዚሁ አጠገብዎ ተቀምጬ አለቅሳለሁ።»

«የጎረቤት አይሱዙ አሁን ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር ያልፋል» አለ ውባንተ። «መንገዱም ዛሬ ክፍት ነው ብለዋል። እትዬ፣ እኔ ለሠራተኛው እነግራለሁ። ዘመዳቸው ጎንደር ወልዳ ነው እላለሁ። ማን ያጣራል?»

ብርነሽ ነገሩን መዘነችው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ አራስ ጥየቃ የማይሄድ የለም። ግን ነገ ሾፌሩ «ደግፈን ነው ያወጣናት» ይላል፤ ከነገ ወዲያ ወፍጮ ቤት ይደርሳል፤ ከዚያማ ውሸቱ ተጨምሮበት «ሸሸች» ይሆናል። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። አሁን ገና ምላሷ የተመለሰላት ለውሸት ነው እንዴ? ተናደደች። በአገኘሽ አይደለም፣ በሠራተኛውም አይደለም፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ፈርታ በተደበቀችው በራሷ ተናደደች።

«ጥራቸው» አለች። «ሁሉንም።»

አርባ ስድስቱ ሰው መጣ። ብርነሽ የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ወጣች፤ ሰርክአዲስ «ቁጭ ብለው ይናገሩ» ብትላት አልሰማቻትም።

«ስሙኝ! ማክሰኞ ዕለት ብርነሽ ደነገጠች ተብሎ አሥራ አራት ሰው ሄደብኝ። ወሬው ከእኔ አፍ ነው የወጣው። ልቤ ይደነግጥብኛል ብያለሁ፤ አልዋሸሁም። አሁንም እዚህ ቆሜ ይደነግጣል። የሰማሁት ተኩስ የለም፣ የሚመጣም ካለ አላውቅም፤ እንደናንተው ነኝ። ልቤን ታምሜአለሁ። ይኸ ጣቴን ያጣመመው ቁርጥማት ልቤ ድረስ ገብቷል። ቅድም እዚያ ሂላ ሥር ምላሴ ታሥሮብኝ ነበር። ጎንደር ሄጄ እታከማለሁ፤ እግዚአብሔር ካለ እመለሳለሁ። ውባንተ አለ፣ ሥራው አለ፣ ምግባችሁ አለ። የሚሄድ ካለ ይሂድ፣ አልረግመውም። የሚቀር ግን ሰሊጤን ከመርገፍ ያድንልኝ።»

ማጉረምረም ተነሣ። እርስ በርስ ተያዩ። ከመሀላቸው ባንተአምላክ ወደ ፊት ወጣ። ባንተአምላክ ሳሉግ ነው፤ አገሩ ሳይመለስ ቆላውን ቤቱ ያደረገ ሠራተኛ እንዲያ ነው የሚባለው። ከጎጃም ከመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ የሞላው፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ አፉ የተሳለ ሰው። ጓዙን ማለዳ ጠቅልሎ እንዳስቀመጠ ሁሉም ያውቃል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፣ «ሲሸሽ አሞኝ ነው ያላለ ማን አለ?»

«እረግ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ውባንተ በቁጣ ወደ እሱ ተራመደ። ብርነሽ ግን እጇን አንሥታ አቆመችው።

«ደግ ጠየቅህ» አለች። «ና ወዲህ። ና ያዘው፣ አትፍራ። አንች ልጅ፣ የቱ ጋ እንደሚያዝ አሳይው።»

ባንተአምላክ ተሳቢው ሥር መጥቶ ቆመ። ሰርክአዲስ ሻካራ ጣቶቹን ከብርነሽ አውራ ጣት ሥር አስቀመጠችለት። «ዝም ብለህ ቁጠር። እኩል እየተራመደ እንደሆነ እይ።»

ቆጠረ። መጀመሪያ ከንፈሩ ላይ ፌዝ ነበረች። ቀስ እያለች ጠፋች። ቅንድቡን ሰበሰበ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ያየዋል። ባንተአምላክ የብርነሽን እጅ እንደያዘ፣ ግራ እጁን አንሥቶ የራሱን አንገት በጎን በኩል ያዘ። ብዙ ቆየ።

«ምነው?» አለችው ብርነሽ።

«እትዬ» አለ፤ ያ የተሳለ አፉ ዶለዶመ። «የእኔም እንዲህ ነው።»

ማንም አልሣቀም።

ሰርክአዲስ እጁን ተቀበለች፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ከዚያም ማዳመጫዋን አውጥታ ደረቱ ላይ ሌላ ደቂቃ። «ልጅ ሳለህ ጉሮሮህን ታመህ፣ ከዚያ ጉልበትህ አብጦ ያውቃል? ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ?»

«እንዴት አወቅሽ?» አለ። «በአሥር ዓመቴ። እናቴ አዝላ ጠበል ወስዳኛለች። ተሽሎኝ ነበር እኮ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከአምና ጀምሮ ግን መስመሬን ሳልጨርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። ልቤ ይደነግጣል። ለማን ልንገር? ፈሪ ቢሉኝስ? ታማሚ ነው ብለው ሥራ ቢከለክሉኝስ? ተኩስ አለ ሲባል ቀድሜ የምነሣው ለዚያ ነው፤ ሮጬ ማምለጥ እንደማልችል አውቀዋለሁ።»

ብርነሽ ከላይ ሆና ትሰማዋለች። እንደዚህ ያለ ትከሻ ይዞ፣ አጠገቧ እያጨደ፣ እሷ ከአንዱ ሂላ ኋላ እሱ ከሌላው ኋላ ተደብቀው ነበር ለካ! «እኔን!» አለች።

«የእርስዎ ሌላ ነው፣ የእሱ ሌላ» አለች ሰርክአዲስ፣ «ግን ዘመዳሞች ናቸው። የሁለታችሁም ጠባቂ ነው በገዛ ቤቱ ላይ የተኮሰው። እሱም ዛሬውኑ መሄድ አለበት።»

አይሱዙው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጥሩምባውን ነፋ። ሁለት ሰዎች ጓዛቸውን አንሥተው፣ ብርነሽን ሳያዩ፣ ሄዱ። ሌሎቹ ቆሙ። ውባንተ «በሉ ወደ ወንዙ በኩል!» ሲል አንድ ሽማግሌ ማጭዱን በድንጋይ እየሳለ ቀደመ፣ የቀረው ተከተለ። ሰሊጡ ሁሉ ይደርሳል ወይ? ብርነሽ አላወቀችም። ዞራም አላየችውም።

ጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ ሌላ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር ቦታ የተያዘው። ሰርክአዲስ ተሳቢው ጠርዝ ላይ ወረቀቷን ዘርግታ ሁለተኛ ሪፈር ልትጽፍ ተቀመጠች።

«እኔ በኋላ እሄዳለሁ» አለ ባንተአምላክ። «ሥራው…»

«ዝም በል» አለችው ብርነሽ። «እኔም ስምንት ቀን ስጭኝ ብዬ ነበር።»

ሰርክአዲስ ብዕሯን አነሣች። «ሙሉ ስም?»

ወደ ወንዙ የዞሩት አጫጆች ገና ሩቅ አልሄዱም፤ ጀርባቸው ይታያል፣ ጆሯቸው ይሰማል። ባንተአምላክ አየት አደረጋቸው።

«ባንተአምላክ ማሩ!» አለ ጮክ ብሎ። «ሕመሙ ልብ ነው፤ ጻፊው።»

ብርነሽ ጋቢናው ውስጥ ወደ ሾፌሩ ተጠጋችና ቦታ ለቀቀችለት።